የሕንድ ውቅያኖስ አውሎ ነፋስና የኢትዮጵያ ዝናብ

የሕንድ ውቅያኖስ አውሎ ነፋስ (በብዙ አገር አጠራር «ሳይክሎን») በሞቃት ባሕር ላይ የሚፈጠር፣ በዝቅተኛ የአየር ግፊት ማዕከል ዙሪያ የሚሽከረከር የደመናና የነፋስ ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ስለዚህ አውሎ ነፋሱ በሙሉ ኃይሉ አይደርስባትም። ቢሆንም ከማዳጋስካር አካባቢ እስከ ኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚነሡ አውሎ ነፋሶች ወደ አገሪቱ የሚመጣውን እርጥበት ሊጨምሩ፣ ሊቀንሱ ወይም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊወስዱ ይችላሉ። በመሆኑም በልግን የሚጠብቁ እንደ ወሎና የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች (ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ) ያሉ አካባቢዎች ከባሕሩ ርቀው ቢገኙም የባሕሩ ጉዳይ ይመለከታቸዋል።

በአካባቢው ትልቅ ጉዳት የሚያስከትለው አብዛኛውን ጊዜ ኃይለኛው አውሎ ነፋስ አይደለም። ደካማ የሆነውና አቅጣጫው በቀላሉ የማይታወቀው ሥርዓት ለትንበያ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ለጥቂት ቀናት የሚያዘንበው ዝናብም የወቅቱ መግቢያ ሊመስል ይችላል።

ስያሜና ደረጃ

በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ፣ ማለትም በዓረብ ባሕርና በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ፣ የሚነሡ አውሎ ነፋሶችን የመከታተልና የመሰየም ኃላፊነት በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ስምምነት የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ባለው ምዕራባዊ የሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ይህ ሥራ በሬዩንዮን ደሴት የሚገኘው የፈረንሳይ ማዕከል ድርሻ ነው።

የሕንዱ መሥሪያ ቤት ደረጃ የሚሰጠው በነፋሱ ፍጥነት ነው፦

- ከ31 እስከ 49 ኪሎ ሜትር በሰዓት፦ ዝቅተኛ ግፊት
- ከ50 እስከ 61 ኪሎ ሜትር በሰዓት፦ ጥልቅ ዝቅተኛ ግፊት
- ከ62 እስከ 88 ኪሎ ሜትር በሰዓት፦ አውሎ ነፋስ (ስም የሚሰጠው ከዚህ ጀምሮ ነው)
- ከ89 እስከ 117 ኪሎ ሜትር በሰዓት፦ ብርቱ አውሎ ነፋስ

ከዚህ በላይ ሌሎች ከፍተኛ ደረጃዎች አሉ። ስሞቹን የቀጣናው አገሮች አስቀድመው በዝርዝር ያቀርባሉ። ለምሳሌ «ሳጋር» የሚለውን ስም ያቀረበችው ሕንድ ስትሆን ትርጉሙ ባሕር ማለት ነው፤ «መኩኑ» የማልዲቭስ፣ «ሉባን» የኦማን፣ «ፓዋን» የስሪ ላንካ ስሞች ናቸው።

ደረጃው የሚለካው በነፋስ እንጂ በዝናብ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። «ደካማ» የተባለ ሥርዓት በዝግታ ከተጓዘ ከፈጣንና ብርቱ አውሎ ነፋስ ይልቅ ብዙ ዝናብ በአንድ ቦታ ሊያወርድ ይችላል።

አፈጣጠር

አውሎ ነፋስ እንዲፈጠር በርካታ ሁኔታዎች በአንድ ጊዜ መሟላት አለባቸው። የባሕሩ ወለል ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሆን አለበት። ቦታው ከምድር ወገብ በቂ ርቀት ሊኖረው ይገባል፤ በጣም ከቀረበ የመሬት መሽከርከር አየሩን ለማዞር የሚሰጠው ኃይል ያንሳል። የመካከለኛው አየር እርጥብ መሆን አለበት። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ከባቢ አየር ያሉት ነፋሶችም በፍጥነትና በአቅጣጫ እጅግ መለያየት የለባቸውም፤ ከተለያዩ ወደ ላይ የሚያድገውን ደመና ጎትተው ያዘነብሉትና ይበትኑታል።

በዓረብ ባሕር አውሎ ነፋስ የሚበዛበት ጊዜ ለሁለት የሚከፈለው ከዚህ የተነሣ ነው። የመጀመሪያው በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ሁለተኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ባሕሩ እርጥበት ባያጣም ከታች የደቡብ ምዕራብ ነፋስ፣ ከላይ ደግሞ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብርቱ የምሥራቅ ነፋስ ስለሚነፍስ አውሎ ነፋስ መቆም ይሳነዋል። ይህ የላይኛው የምሥራቅ ነፋስ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለክረምት ዝናብ መበርታት ከሚረዱት ሥርዓቶች አንዱ ነው። ክረምቱን የሚያጠነክረው ነፋስ በባሕሩ ላይ አውሎ ነፋስ እንዳያድግ ያግዳል ማለት ነው።

ከምድር ወገብ በስተደቡብ ወቅቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። የዚህ ወቅት መጨረሻ ከኢትዮጵያ በልግ ጋር ይገጣጠማል።

የኢትዮጵያ የዝናብ ወቅቶች

በሜትሮሎጂ አከፋፈል አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ሦስት ወቅቶች አሉት፦ በጋ (ከጥቅምት እስከ ጥር)፣ በልግ (ከየካቲት እስከ ግንቦት) እና ክረምት (ከሰኔ እስከ መስከረም)። በሰሜን ምዕራብ ዋናው ዝናብ የክረምቱ ሲሆን በወሎና በሰሜን ሸዋ አንዳንድ ደጋዎች በበልግ ብቻ የሚዘሩ ማሳዎች አሉ። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች ደግሞ የበልጉ ወራት ዋናው የዝናብ ጊዜ ነው።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱ ለአራት ይከፈላል፦ መፀው ከመስከረም 26፣ በጋ ከታኅሣሥ 26፣ ፀደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26 ይጀምራሉ። ክረምቱም በውስጡ ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው የዘርና የደመና ጊዜ፣ ቀጥሎ ያለው የመብረቅ፣ የነጎድጓድና የወንዞች መሙላት ጊዜ ተብሎ ይታሰባል። ይህን አከፋፈል የሚከተለው የድጓ ዜማ የመጨረሻ ምስክር የሚሰጠው በጋይንት በምትገኘው በቤተ ልሔም ነው። ከየአገሩ ወደ ቤተ ልሔም የሚመጣ ተማሪ የዝናቡን ወራት ቅደም ተከተል ከዜማው ጋር ይማረዋል።

ሁለቱ አከፋፈሎች የተለያየ ጥያቄ ይመልሳሉ። የባሕረ ሐሳብ ዘመን ቀኑ የተወሰነ ነው፤ ዝናብ ቢቀድምም ቢዘገይም ሰኔ 26 ክረምት ይገባል። የሜትሮሎጂ መዝገብ ግን በዚያ ዓመት ዝናቡ በየትኛው ቀን እንደጀመረና ምን ያህል እንደዘነበ ይናገራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለገበሬ የዓመቱ አዝመራ ሊሆን ይችላል።

የደቡቡ አውሎ ነፋስና በልግ

የበልግ ዝናብ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከዓረብ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚመጣ እርጥበት ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ እርጥብ አየር ከሰሜን ከሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ ደመና ይከማቻል።

ኢትዮጵያዊው የሜትሮሎጂ ባለሙያ ዱላ ሻንኮና ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፒየር ካምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ የሚነሡ አውሎ ነፋሶች ከኢትዮጵያ ድርቅ ጋር ያላቸውን ግንኙነት መርምረዋል። አውሎ ነፋሶች በብዛትና በተከታታይ በተነሡባቸው ዓመታት የበልጉ ዝናብ የመቀነስ አዝማሚያ አሳይቷል። ምክንያቱን በቀላሉ እንዲህ መረዳት ይቻላል፦ አውሎ ነፋስ ዝቅተኛ ግፊት ስለሆነ ከዙሪያው አየር ይስባል። በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ መካከል ሲቆም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሊሄድ የነበረውን እርጥበት ወደ ራሱ ይወስዳል። ከአናቱ የሚወጣው አየርም በሌላ ስፍራ ወደ ታች ሲወርድ ደመና እንዳያድግ ያደርጋል።

የቅርብ ጊዜ ምሳሌ «ኢዳይ» ነው። ይህ አውሎ ነፋስ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ከማርች 14 ወደ 15 ቀን 2019 በሚያነጋው ሌሊት) በሞዛምቢክ ቤይራ ከተማ አጠገብ ወደ ምድር ገብቶ በደቡባዊ አፍሪካ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በሚያዝያ ደግሞ «ኬኔት» ተከተለ። በዚያው ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ የወቅቱ ዝናብ ዘግይቶ ብዙ አካባቢዎች ደርቀው ሰነበቱ።

ሆኖም እያንዳንዱ የደቡብ አውሎ ነፋስ ድርቅ ያመጣል ማለት አይደለም፤ ወሳኙ የቆመበት ቦታ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በመጋቢት 2010 ዓ.ም.፣ «ዱማዚሌ» እና «ኤሊያኪም» የተባሉ አውሎ ነፋሶች በማዳጋስካር ምሥራቃዊ ወገን በነበሩበት ወር ከኮንጎ ተፋሰስ የሚመጣ እርጥብ የምዕራብ ነፋስ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተስቦ በኬንያና በአካባቢዋ ከመደበኛ በላይ ዝናብ ዘንቧል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ይህን የምዕራብ ነፋስና የአውሎ ነፋስ ትስስር አረጋግጧል። ሁለቱ ዓመታት በአንድ ባሕር ላይ የተነሡ አውሎ ነፋሶች እንደ አቋቋማቸው ተቃራኒ ውጤት ሊሰጡ እንደሚችሉ ያሳያሉ።

ሳጋር፣ ግንቦት 2010 ዓ.ም.

ለኢትዮጵያ በጣም ከቀረቡት አውሎ ነፋሶች አንዱ ሳጋር ነው። ግንቦት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 2018) በኤደን ባሕረ ሰላጤ እንደ ዝቅተኛ ግፊት ተመዘገበ፤ በማግስቱ ስም ተሰጠው። አብዛኞቹ የዓረብ ባሕር አውሎ ነፋሶች ወደ ኦማን፣ ወደ ፓኪስታን ወይም ወደ ሕንድ ሲያቀኑ ሳጋር ግን በጠባቡ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በየመንና በሶማሌ የባሕር ዳርቻዎች መካከል ወደ ምዕራብ ተጓዘ። ግንቦት 11 ቀን በሶማሊላንድ ሉግሃያ አጠገብ ወደ ምድር ገባ። እስከዚያ ጊዜ በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ከተመዘገቡት ሁሉ ይህን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ ምድር የነካ አውሎ ነፋስ አልነበረም።

የነፋሱ ከፍተኛ ፍጥነት በሕንዱ መሥሪያ ቤት ግምት 85 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነበር፤ ይህም ከ«ብርቱ» ደረጃ በታች ነው። ጉዳቱ ግን ከደረጃው ጋር አልተመጣጠነም። ዝናብ እምብዛም በማይታወቅበት ደረቅ ምድር ላይ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ በመውረዱ ደረቅ ወንዞች ሞልተው መንደሮችንና መንጋዎችን ጠረጉ። በሶማሊላንድ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የጅቡቲ ከተማም በጎርፍ ተጥለቀለቀች። ሥርዓቱ ግንቦት 12 ቀን በምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ ሲበተን በሶማሌ ክልል በተለይም በሲቲ ዞን ጎርፍ አስከትሏል።

አውሎ ነፋስ ወደ ምድር ሲገባ ቶሎ የሚደክመው ኃይሉን የሚያገኘው ከሞቃት ባሕር በሚተን ውሃ ስለሆነ ነው። ከባሕሩ ሲለይ ምንጩ ይቋረጥበታል። የሐረርና የሰሜን ምሥራቅ ገደሎች ደግሞ ሽክርክሪቱን ይሰብሩታል። ከጅቡቲ ከተማ እስከ ነፋስ መውጫ ያለው ቀጥተኛ ርቀት ወደ 500 ኪሎ ሜትር ሲሆን በመካከሉ የአፋር ዝቅተኛ ምድርና የወሎ ተራሮች አሉ። እስከ ጋይንት ሊዘልቅ የሚችለው እርጥበቱ፣ ደመናውና የነፋስ አቅጣጫ ለውጡ ብቻ ነው።

ከዝናቡ በኋላ፦ የበረሃ አንበጣ

የባሕር አውሎ ነፋስ በኢትዮጵያ ገበሬ ላይ ያደረሰው ትልቁ የቅርብ ዘመን ጉዳት የመጣው በአንበጣ በኩል ነው። ሳጋር በተበተነ በሳምንቱ ገደማ መኩኑ የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ በኦማን ሳላላ ከተማ አጠገብ ገባ (እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2018)። በጥቅምት ሉባን በየመን ተከተለው። ሁለቱም «ባዶው ሩብ» በሚባለው የዓረቢያ በረሃ ውሃ አቆሩ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ኩብኩባውም ለማደግ ለምለም ቅጠል ይፈልጋል። ሰው በማይደርስበት በዚያ በረሃ አንበጣው ሦስት ትውልድ ያህል ሳይታይ ተራባ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ወደ 8,000 እጥፍ እንዳደገ ገምተዋል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ መንጋው ከየመን ተነሥቶ ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻገረ። ኅዳር 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ፓዋን የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ በሶማሊያ ሲገባ መራቢያውን ይበልጥ አለመለመለት። በኢትዮጵያና በሶማሊያ ከ25 ዓመት ወዲህ፣ በኬንያ ደግሞ ከ70 ዓመት ወዲህ ያልታየ ወረራ ሆነ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ሊበላ ይችላል። በወሎ ሊታጨድ የደረሰ ማሽላና ጤፍ የተበላባቸው ገበሬዎች ነበሩ። በኦማን ገብቶ የጠፋ አውሎ ነፋስ ጉዳቱ ከዓመት በላይ ቆይቶ በወሎ ማሳ ላይ ታየ።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ

የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል መልክዓ ምድሩ እጅግ የተለያየ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከሚረዝመው ከጉና ተራራ ውርጫማ ደጋ ተነሥቶ በስማዳ በኩል እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ቆላ ይወርዳል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ስሟ እንደሚያመለክተው ነፋስ በሚበረታበት ከፍታ ላይ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ትገኛለች። አርብ ገበያ የታች ጋይንት፣ ወገዳ የስማዳ፣ መካነ ኢየሱስ የእስቴ ከተሞች ናቸው።

አካባቢው ለድርቅ ከሚጋለጡት መካከል ነው። ከጉና በስተምዕራብ ካለው የፎገራ ሜዳ ሲነጻጸር ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር ዝናቡ ያንሳል፤ መሬቱም ተዳፋትና የተሸረሸረ ስለሆነ የወረደውን ውሃ ብዙ አያቆይም። በቆላው እንደ ማሽላ ያሉ ለመድረስ ረጅም ወራት የሚፈልጉ ሰብሎች በበልጉ መጨረሻ መዘራት አለባቸው። በደጋውም የበልግ ካፊያ መሬቱን ለማረስና ለከብቱ ሣር ለማብቀል ያስፈልጋል።

አደጋው የሚመጣው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት ጥሩ ዝናብ ይዘንባል፤ መሬቱ ይርሳል፤ ገበሬው ይዘራል። ዝናቡ ከባሕር የመጣ አላፊ ሥርዓት ከነበረ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ፀሐይ ይሆናል። የበቀለው ቡቃያ ይጠወልጋል፤ ዘሩ ይባክናል። ደግሞ ለመዝራት ዘር መግዛት ወይም መበደር ይጠይቃል። ጊዜው ካለፈ ማሽላው ቀርቶ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ወይም ሽምብራ መተካት ግድ ይሆናል። በሌላ በኩል እውነተኛውን መግቢያ «ይህም አላፊ ነው» ብሎ ያሳለፈ ሰው የሰብሉን ዕድሜ ያሳጥራል። ስለዚህ ጥያቄው «ዝናብ ይዘንባል ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ይህ ዝናብ ከየት መጣ፣ ይቀጥላል ወይ?» የሚለውም ነው።

ክትትል

በኢትዮጵያ የአየር ጠባይ ሥራ ቀድሞ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ሲከናወን ቆይቶ በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ። የዛሬው ስሙ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የወቅት ትንበያ ይሰጣል። ከዘዴዎቹ አንዱ የዘንድሮውን የባሕር ሙቀትና የነፋስ ሁኔታ ካለፉት ተመሳሳይ ዓመታት ጋር ማነጻጸር ነው። ትንበያው የሚገለጸው «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» ተብሎ በመቶኛ ዕድል ነው። «45 በመቶ ከመደበኛ በታች» ማለት ይደርቃል ማለት አይደለም፤ ከሦስቱ አማራጮች የመድረቁ ዕድል ከሌሎቹ ይበልጣል ማለት ነው። ለቀጣናው በሙሉ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ነው።

የመረጃው መሠረት ግን በየወረዳው የተተከለው የዝናብ መለኪያ ነው። የአገሪቱ ጣቢያዎች በአራት ደረጃ ይከፈላሉ። አራተኛው ደረጃ ዝናብን ብቻ፣ ሦስተኛው ዝናብንና የሙቀት መጠንን ይመዘግባል። እነዚህን አነስተኛ ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚጠብቁት ሥራቸው ሌላ የሆነ የአካባቢ ነዋሪዎች ናቸው። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በመለኪያው የተጠራቀመውን ውሃ አንብበው ይጽፋሉ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። በተራራማ አገር አንዱ ቀበሌ ሲዘንብበት ጎረቤቱ ሊደርቅ ስለሚችል የአንድ ጣቢያ መቋረጥ የአንድ ሸለቆን ታሪክ ያጎድላል።

ከባሕሩ ላይ ያለውን ሁኔታ ለመከታተል ዋናው መሣሪያ ሳተላይት ነው። ሜቴዎሳት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው የአፍሪካንና የሕንድ ውቅያኖስን ደመና ያለማቋረጥ ያነሣሉ። የአውሎ ነፋሱ ጥንካሬ የሚገመተው አሜሪካዊው ቨርነን ድቮራክ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘዴ ከደመናው ቅርጽ ነው። ምስሎቹ ለማንም ክፍት በመሆናቸው ዛሬ በየአገሩ በፍላጎት የሚከታተሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ሰማይ ወዳድ ተማሪም በቀላሉ ሊመለከታቸው የሚችላቸው ምልክቶች አሉ፦

- ሽክርክሪት፦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ፣ በስተደቡብ ደግሞ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል።
- የማዕከሉ ቦታ፦ ከፍተኛው ደመና ከማዕከሉ ተነጥሎ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ሥርዓቱ እየተዳከመ ነው። በደካማ ሥርዓት ማዕከሉን ማግኘት ራሱ ያስቸግራል፤ ማዕከሉ ካልታወቀም የሚሄድበት መንገድ በትክክል አይገመትም።
- የትንበያዎች መለያየት፦ የተለያዩ የኮምፒውተር ሞዴሎች የሚያሳዩት መንገድ ከተራራቀ የትንበያው እርግጠኝነት ዝቅተኛ ነው።

የአማተር ክትትል ጥቅሙ ሰፊ ቢሆንም የራሱ አደጋ አለው። አንድን የኮምፒውተር ካርታ ለይቶ «ጎርፍ መጣ» ወይም «ድርቅ ነው» ብሎ ማሰራጨት ገበሬውን ላልተገባ ውሳኔ ሊገፋፋ ይችላል። ማስጠንቀቂያ የማውጣት ሥልጣን የአገሩ ሜትሮሎጂ ተቋም የሆነው ለዚህ ነው።

የባሕሩ መሞቅ

ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2020) «ጋቲ» በሶማሊያ ራስ ሐፉን አጠገብ ሲገባ በአገሪቱ ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው ሆነ፤ ሳጋር ይዞት የነበረውን ደረጃ የወሰደው በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ነው። በምዕራባዊው የሕንድ ውቅያኖስ የክረምት ወራት (ከሰኔ እስከ መስከረም) የወለል ሙቀት ከ1901 እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) እስከ 1.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጨመሩን አንድ ጥናት አሳይቷል። ሞቃት ባሕር ለአውሎ ነፋስ ተጨማሪ ኃይል ይሰጣል።

የባሕሩ ሙቀት በየዓመቱም ይለዋወጣል። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ወገን ከምሥራቁ ይልቅ ሲሞቅ፣ እንደ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ብርቱ ዝናብ ይዘንባል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ኤልኒኞ ሲፈጠር ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በደረሰው እንዲህ ያለ ድርቅ የተነሣ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ እርዳታ አስፈልጓቸዋል። በጋይንትና በስማዳ የአንድን ዓመት ዝናብ ለመረዳት የሚሞክር ባለሙያ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ባሕሮችን አብሮ ይመለከታል፦ የፓስፊክን ሙቀት ለክረምቱ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያለውን የሕንድ ውቅያኖስ ለበልጉ፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤንም ለግንቦቱ ድንገተኛ ደመና።